ዐቅሊጋል፦ በሐርጌሳ ሶማሊኛ የአመክንዮ ቃል፣ ፍቺውና አገባቡ

አንድ ሕዝብ የቀናውን አሳብ ከጠማማው የሚለይበትን ቃል መመርመር፣ ያ ሕዝብ እውነትን በምን ሥርዐት፣ በማን ፊትና በማን ዳኝነት ሲፈልግ እንደ ኖረ መመርመር ነው። በሐርጌሳ ከተማ፣ በሸንጎም በገበያም፣ በትምህርት ቤትም በራዲዮም፣ አንድ አሳብ ከምክንያት ተነሥቶ በቀና መንገድ ወደ መደምደሚያው የደረሰ እንደ ሆነ «ዋ ዐቅሊጋል» ይባላል፤ መንገዱን የሳተ እንደ ሆነም «ዐቅሊጋል ማ አሃ» ይባላል። የመጀመሪያው «ልቡና የሚቀበለው ነው» ማለት ሲሆን ሁለተኛው የእርሱ አሉታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የዚህን ቃል አፈጣጠር፣ አገባብና ወሰን መርምሮ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ምሁራን የሚያስተምረውን ነገር ማሳየት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የምከራከርበትን ነጥብ ከመነሻው ልግለጸው። «ዐቅሊጋል» የሚለው ቃል የአሳብን ቅንነት የሚለካው በሰሚው ልቡና ደጃፍ ላይ ነው፤ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ነገሩ ወደ አድማጩ ልቡና እስካልገባ ድረስ ሥራው እንዳልተፈጸመ ይቈጠራል። ይህ መስፈርት የሶማሊዎችን የዳኝነትና የእርቅ ሥርዐት ያቆመ ታላቅ ኀይል ሆኖ ሳለ፣ «የማን ልቡና?» የሚለውን ጥያቄ ካላስከተለ ግን ስሕተትንም አድልዎንም አብሮ ሊያስገባ የሚችል ደጃፍ ነው።

የቃሉ አፈጣጠር

ቃሉ ሁለት አካላት ተጣምረው የወለዱት ነው። የመጀመሪያው «ዐቅሊ» ከዐረብኛው «ዐቅል» የተገኘ ሲሆን፣ ለአማርኛ አንባቢም ባዕድ አይደለም፤ እኛም ከዚያው ምንጭ ቀድተን «አቅሉን ሳተ»፣ «አቅል አጣ»፣ «አቅለ ቢስ» ስንል ኖረናልና። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ሊሳን አል ዐረብ» የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ኢብን መንዙርና ሌሎችም የዐረብኛ ሊቃውንት ይህን ቃል የሚያዛምዱት «ዒቃል» ከተባለው፣ ግመል እንዳይሸሽ እግሩ ከሚታሰርበት ገመድ ጋራ ነው፤ ልቡና ባለቤቱን ከጥፋት ይገታዋልና። አማርኛ ከቃሉ ብዙ ጊዜ የያዘው ይህን የመገታትና የመረጋጋት ወገን ነው፤ አቅሉን የሳተ ሰው የምንለው ራሱን ያላወቀውን ወይም ራሱን መግዛት ያቃተውን ነው እንጂ በክርክሩ የተሳሳተውን አይደለም። ሶማሊኛ ግን ይህንኑ ቃል ወስዶ የክርክር መለኪያ አድርጎታል።

ሁለተኛው አካል «ጋል» ነው፤ ይህም «መግባት» ለሚለው ግስ የሶማሊኛው ሥር ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሲጣመሩ «ወደ ልቡና የሚገባ» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር በተረዳ ጊዜ «ገባኝ» ሲል፣ ሳይረዳ በቀረም ጊዜ «አልገባኝም» ሲል፣ ነገሩን እንደ እንግዳ፣ ራሱንም እንደ ቤት አድርጎ መናገሩ ነውና፣ የሶማሊኛው ቃል ለእርሱ የሚያስተረጉመው አያሻውም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ መግባትን የምንናገረው ስለ አንድ ሰው መረዳት ሲሆን፣ ሶማሊኛ የነገሩ የራሱ ጠባይ አድርጎ ወደ ቅጽልነት አሳድጎታል። «ገባኝ» የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ «ዐቅሊጋል» ግን ልቡና ያለው ሰው ሁሉ ሊቀበለው ይገባል የሚል ብይን ነው።

እንዲህ ያለው ማጣመር በሶማሊኛ የተለመደ የቃል አፈጣጠር ነው። «ጋር» ማለት ፍርድ፣ ሙግት፣ የተገባው ነገር ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ «ጋርያቃን» ማለትም ፍርድን የሚያውቅ፣ የሕግ ዐዋቂ፣ እንዲሁም «ጋርሶሬ» ማለትም ዳኛ ይወጣሉ። «ዋሕጋራድ» ደግሞ ነገር የሚገባው፣ አስተዋይ ማለት ሲሆን፣ በሐርጌሳ ዘወትር ከአገር ሽማግሌዎች ስም ጋራ ተያይዞ ይጠራል። «ጋራድ» (ወይም «ገራድ») ራሱ በሶማሊኛ ማስተዋልም ነው፣ የሹመት ስምም ነው፤ የሐድያ ገዦች በዚህ ማዕርግ ይጠሩ እንደ ነበር የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ስለሚመሰክር፣ ስሙ በግእዝ መጻሕፍትም የታወቀ ነው። በ1943 «ራዲዮ ኩዱ» በሚል ስም የተቋቋመው የሐርጌሳ ራዲዮ ሲያሰራጭ፣ በኋላም በ1972 ሶማሊኛ የራሱ የጽሕፈት ሥርዐት ሲወሰንለትና ከ1973 እስከ 1975 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ፣ ቋንቋው ለአዲስ ዕውቀት አዲስ ቃል ያወጣ የነበረው በአብዛኛው በዚህ የማጣመር መንገድ ነው።

ከ«ዐቅሊጋል» ጐን ሌላ የሚቆም ቃል አለ፤ እርሱም «መንጢቅ» ነው። ይህ በእስልምና ትምህርት ቤት የሚታወቀው የአመክንዮ ጥበብ ስም ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አልጄሪያዊው አል አኽደሪ በግጥም ያዘጋጀው «አስ ሱለም» የተባለ አጭር መማሪያ ለብዙ ደቀ መዛሙርት የዚህ ጥበብ መግቢያ ሆኖ ኖሯል። «መንጢቅ» በዐረብኛ ከመናገር ግስ የወጣ ነው፤ የግሪኩ «ሎጎስ» ቃልም ነገርም ምክንያትም እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህም አሳብን ከንግግር ሳይለይ ያያል። ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን ነፍስ «ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት» ብላ ስታስተምር ልብን፣ ቃልንና እስትንፋስን በአንዲት ነፍስ እንዳገናኘች እናስታውስ። በዚህ ትምህርት ብርሃን ብንመለከተው፣ «መንጢቅ» ከነባቢትነት ወገን ነው፣ የሚናገረውን ሰው ሥርዐት ይመረምራልና፤ «ዐቅሊጋል» ግን ከለባዊነት ወገን ነው፣ የሚሰማውን ሰው ፍርድ ይጠብቃልና።

በንግግር ውስጥ ያለው አገባብ

ቃሉ በአነጋገር ሲውል ከሦስት ጐረቤቶቹ መለየት አለበት፤ እነርሱም «ሩን» (እውነት)፣ «ማዕቁል» እና አስቀድሞ የተነገረው «መንጢቅ» ናቸው።

ከእውነት የሚለይበትን በምሳሌ እንየው። አንድ ምስክር፣ ተከሳሹን በመግሪብ ጸሎት ሰዓት በበርበራ ወደብ አየሁት ቢል፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ሰው በዚያው ሰዓት በሐርጌሳ አየሁት ቢል፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለና፣ ሁለቱ ቃሎች በአንድነት ሊጸኑ አይችሉም። ሰሚው በዚህ ጊዜ የሚለው «ዐቅሊጋል ማ አሃ» ነው። ከሁለቱ ማን እንደ ዋሸ ገና አልተናገረም፤ የተናገረው የሁለቱ ቃል ተያይዞ መሄድ እንደማይችል ብቻ ነው። በዚህ ፈንታ «ዋ ቤን» ማለትም «ሐሰት ነው» ቢል ኖሮ የምስክሩን ክብር በነካ፣ በዚህም ምክንያት ሙግቱ ወደ ጠብ በተለወጠ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ለአሳብ ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ሰላምም ያገለግላል፤ ነገሩን ከባለ ነገሩ ለይቶ ነገሩን ይነቅፋል፣ ሰውየውን ግን በክብሩ ይተወዋል። የጎሳ ክብር እንደ ደም በሚታይበት ማኅበር ውስጥ ይህ የአነጋገር ስልት ቀላል ነገር አይደለም።

«ማዕቁል» የሚለው ደግሞ ከዚያው ከዐረብኛው ሥር የመጣ ሆኖ፣ ለመጠንና ለልክ ይቀርባል። የተጠየቀው ዋጋ ያልበዛ፣ የተሰጠው ቀጠሮ ያልጠበበ እንደ ሆነ «ዋ ማዕቁል» ይባላል፤ አማርኛችን «ደኅና ነው፣ ያግባባል» እንደሚለው ያለ ነው። «ዐቅሊጋል» ግን ልክን ሳይሆን የምክንያትንና የመደምደሚያን መያያዝ ይመለከታል። «መንጢቅ» በበኩሉ የተማሩ ሰዎች የጥበቡን ስም ሲጠሩ የሚያነሡት ሲሆን፣ ያልተማረ ከብት አርቢ ሊያውቀውም ላያውቀውም ይችላል፤ «ዐቅሊጋል»ን ግን የሁለቱም አንደበት እኩል ይናገረዋል። አንድ የዕውቀት ቃል ከሊቁም ከእረኛውም አፍ በአንድ ፍቺ መውጣቱ ለአንድ ቋንቋ ትልቅ ሀብት ነው።

በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ሸንጎ

ይህ ቃል ጠባዩን ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሸንጎ ነው። የሶማሊዎች ልማዳዊ ሕግ «ሔር» ይባላል፤ ሕጉን የሚያውቁትና ነገሩን መርምረው የሚበይኑት ሽማግሌዎች «ሔርቤግቲ» ይባላሉ፤ የተሰበሰበው ጉባኤ «ሺር» ይባላል። ሙግቱ በዛፍ ጥላ ሥር በአደባባይ ይሰማል፣ ተከራካሪዎች በየተራ ነገራቸውን ያቀርባሉ፣ የተናገሩትም በምሳሌ፣ በግጥምና በቀድሞ ፍርድ ይደገፋል። ፖሊስና ወህኒ ባልነበረበት ዘመን ፍርዱን የሚያስፈጽመው ዋናው ነገር ተሸናፊውም ወገኑም አምነው መቀበላቸው ነበርና፣ ለባለ ድሉ ብቻ ግልጽ የሆነ ፍርድ እንዳልተፈረደ ይቈጠር ነበር። ነገሩ ወደ ተሸናፊው ልቡና መግባት አለበት። «ጋሪ ላባ ካማ ዋዳ ቆስሊሶ» ማለትም «ፍርድ ሁለቱን በአንድነት አያስቅም» የሚለው የሶማሊ ምሳሌ የሚያስገነዝበው ይህንኑ ነው፤ ተሸናፊው ይሥቃል ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ የሚጠበቅበት ቢከፋውም እንኳ ምክንያቱን ማወቁ ነው።

አስቀድሞ አምሳያ የሌለው አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ፣ «ኡጉብ» ማለትም ያልተነካ፣ አዲስ ተብሎ፣ ሽማግሌዎቹ ቀድሞ ከተፈረዱት መካከል የሚቀርበውን ፈልገው፣ የሚመሳሰለውንና የሚለየውን መዝነው፣ አዲስ ብይን ማውጣት አለባቸው። ይህ የአመክንዮ ሊቃውንት ከተመሳሳይ ወደ ተመሳሳይ መሄድ ብለው የሚያስተምሩት የአስተሳሰብ መንገድ ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በግመልና በውሃ ጉድጓድ ክርክር ላይ ተፈትኖ ኖሯል።

የዚህ አስተሳሰብ መልክ በቅርብ የሚታይበት አንድ የታወቀ ተረት አለ። ባለ ታሪኩ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጅግጅጋ ዙሪያ የበርቲሬ ጎሳ ገዢ የነበረው ገራድ ዊልዋል ስለ ሆነ፣ ተረቱ ለሐርጌሳም ለኢትዮጵያም የጋራ ነው። ገራዱ ወንዶቹን ሰብስቦ፣ ሰዎችን ወንድማማች ወይም ባላንጣ የሚያደርገውን የበግ ብልት አምጡልኝ አላቸው። ባለጠጎቹ ጐድኑን፣ ጉበቱንና የሰባውን ሥጋ ተሸክመው መጡ። አንድ ድኻ ግን ሴት ልጁን አማከረ፤ እርስዋም «አባቴ ሆይ፣ ጉሮሮውን ውሰድ» አለችው። ሰውየው በዚያ ሁሉ ሙክት መካከል ባዶ ጉሮሮ ይዞ መቅረብ አሳፈረው፤ ነገር ግን ሌላ የሚይዘው አልነበረውምና ይዞ ቀረበ። ገራዱ ሲጠይቀው ምክንያቱን አስረዳ፦ ጉሮሮ ተካፍሎ የበላ እንደ ሆነ ሰውን ያፋቅራል፤ ስስት የያዘው እንደ ሆነ ግን ወንድምን ከወንድም ያጋድላል። ገራዱም መልሱን አደነቀ፣ የመልሱም ባለቤት የድኻው ሴት ልጅ መሆንዋን ዐወቀ።

በዚህ ተረት ውስጥ ልብ የሚባለው ነገር፣ ጉሮሮው ምክንያቱ ከመነገሩ በፊት መልስ አለመሆኑ ነው። ጐድን ያመጣውም ሰው ዕድል ቀንቶት አንድ ማብራሪያ ቢያገኝለት ኖሮ በተከራከረ ነበር። መልሱን መልስ ያደረገው ከእርሱ ወደ ጥያቄው የሚያደርሰው የምክንያት መንገድ ነው፤ ያም መንገድ የአንድ ቤት ምሥጢር ሆኖ አልቀረም፣ በጉባኤ ፊት ተጠርጎ ሁሉም ሄዶበታል። ተረቱ «ዐቅሊጋል» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ፍቺውን ይናገራል። ሙሴ ሐጂ እስማዒል ገላል የሰበሰባቸውና አንድርዜየቭስኪ ያሰናዳቸው የሶማሊ ተረቶች በ1956 «ሒክማድ ሶማሊ» በሚል ስም መታተማቸው፣ እንዲህ ያለው የቃል ጥበብ ለምርምር የሚገባ ሀብት መሆኑን ለዓለም ያስታወቀ ሥራ ነው።

የሽማግሌው ማዕርግና የቦረማ ጉባኤ

በሶማሊላንድ የጎሳ ሽማግሌ «ዓቂል» ይባላል። ቃሉ ከ«ዐቅሊ» ጋራ አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ልቡና ያለው፣ አስተዋይ ማለት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1884 ጀምሮ ከጎሳዎቹ ጋራ ውል ተዋውሎ አገሩን በጥበቃ ሥር ካደረገ በኋላ፣ ዓቂሎችን ዕውቅናና ደመወዝ ሰጥቶ የአስተዳደሩ መካከለኛ አደረጋቸው፤ ከ1941 ጀምሮም ዋና ከተማው ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ስለ ተዛወረ፣ ሐርጌሳ የእነርሱም መገናኛ ሆነች። ማዕርጉ በሹመት ሲሰጥ የስሙ ምሥጢር ሊደበዝዝ ይችል ነበር፤ አስተዋይ ተብሎ የሚጠራ ሁሉ አስተዋይ አይሆንምና። የስሙ እውነተኛነት የተፈተነው በኋላ ዘመን፣ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት በጠፋበት ጊዜ ነው።

በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ፈረሰች፤ ሕዝቧም በብዛት ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርተሼክና ወደ ሌሎች የስደተኞች ሰፈሮች ተሰደደ። ግንቦት 18 ቀን 1991 በቡርዖ በተደረገው ጉባኤ ሶማሊላንድ ከሶማሊያ ተለይታለች ተብሎ ታወጀ፤ ነገር ግን በ1992 በበርበራ ጭምር በወገኖች መካከል ጦርነት ተነሣ። ሽማግሌዎች በዚያው ዓመት በሼክ ከተማ ተሰብስበው እርቅ ካወረዱ በኋላ፣ በጥር 1993 በቦረማ ታላቁ ጉባኤ ተከፈተ። 150 ድምፅ ሰጪ ሽማግሌዎች እስከ ግንቦት ተቀምጠው የሰላም ቻርተርና ብሔራዊ ቻርተር አወጡ፣ መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልንም ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። የሽማግሌዎች ምክር ቤት፣ «ጉርቲ» የተባለው፣ ከዚህ በኋላ በመንግሥቱ አቋም ውስጥ 82 አባላት ያሉት የላይኛው ምክር ቤት ሆኖ ጸና።

የቦረማን ጉባኤ ከአመክንዮ አንጻር የሚመረምር ሰው ትልቁን ቁም ነገር የሚያገኘው በርዝመቱ ላይ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት የተቀመጠ ሸንጎ ድምፅ ለመቍጠር ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ድምፅ በአንድ ቀን ይቈጠራልና። ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ምክንያት እስኪሰማ፣ ሰምቶም ወደ ጎሳው ተመልሶ ሊያስረዳው እስኪችል ድረስ በመጠበቅ ነው። ሽማግሌው በጉባኤ የተቀበለውን ነገር በመንደሩ ለማያውቁት ሰዎች ዳግመኛ ማስገባት ነበረበት፤ ስለዚህ ማስረዳት የማይችለውን ነገር ሊቀበል አይችልም ነበር። ይህ በእርግጥ ፍጹም ሰላም አላወረደም፤ በ1994 መጨረሻ በሐርጌሳ ጦርነት ዳግመኛ ተቀሰቀሰ፣ እርሱም እንዲዘጋ በ1996 እና በ1997 በዚያችው ከተማ ሌላ ጉባኤ ተደረገ። ሆኖም ጦርነት በተመለሰ ቍጥር ጉባኤም መመለሱ፣ መደማመጥን የእርቅ ሁሉ መጀመሪያ ያደረገው ልማድ ሥር የሰደደ መሆኑን ያስረዳል።

የቃሉ ወሰን፦ የማን ልቡና?

አድናቆት ምርመራን መተካት አይገባውም። «ወደ ልቡና የሚገባ» የሚለው መስፈርት ሁለት አደጋዎች አሉበት፤ አንዱ የአስተሳሰብ፣ ሁለተኛው የፍትሕ ነው።

የመጀመሪያው፣ ወደ ልቡና በቀላሉ የሚገባ ነገር ሁሉ የቀና አለመሆኑ ነው። እስኪ ይህን አነጋገር እንመልከት፦ «የእገሌ ጎሳ ሰዎች አምና ግመል ዘርፈዋል፤ ይህ ሰው የእገሌ ጎሳ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሰው ዘራፊ ነው።» ግመሉን ለተዘረፈ፣ ወንድሙን ላጣ ሰው ይህ አነጋገር ሳይንኳኳ ይገባል። «መንጢቅ» ግን ያግደዋል፤ ከአንድ ወገን አንዳንዶቹ ያደረጉትን ሁሉም እንዳደረጉት አድርጎ መደምደም ሥርዐት የለውምና። ቁጣ፣ ፍርሃትና ልማድ የልቡናን ደጃፍ የሚከፍቱ ቍልፎች ናቸው፤ ስለዚህ «ዐቅሊጋል» ያለ «መንጢቅ» የሚመስለውን ከእውነተኛው ለመለየት አይበቃም። በሌላ ወገን ደግሞ «መንጢቅ» ያለ «ዐቅሊጋል» ቢቀር፣ ሥርዐቱ ቀንቶ ማንንም የማያሳምን፣ በአንድ ሊቅ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ዕውቀት ይሆናል። ነባቢትነትና ለባዊነት በአንዲት ነፍስ እንደሚኖሩ፣ ሁለቱ ቃሎች በአንድ ክርክር ውስጥ ሊኖሩ ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይከፋል። በሶማሊ ልማድ የወንድ ሕይወት ካሳ 100 ግመል፣ የሴት ደግሞ የዚህ እኩሌታ 50 ግመል ሆኖ ኖሯል፤ በቦረማም ድምፅ ከሰጡት 150 ሰዎች መካከል ሴት አልነበረችም። ጉባኤው ልቡናን ሁሉ የሚያሳምን ነገር እየፈለገ የሕዝቡን እኩሌታ ልቡና ከደጅ ካስቀረ፣ ያገኘው መደምደሚያ ለተቀመጡት ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው። እዚህ ላይ የገራድ ዊልዋል ተረት ተመልሶ ይፈርዳል፦ በዚያ ጉባኤ ትክክለኛውን መልስ ያገኘችው ሴት ልጅ በጉባኤው ውስጥ አልነበረችም፣ አሳብዋ የገባው በአባትዋ አፍ ነው። ተረቱን ለዘመናት ሲተርክ የኖረ ሕዝብ፣ ማስተዋል በጾታ የማይከፈል መሆኑን በራሱ አንደበት መስክሯል፤ የቀረው ነገር የመሰከረውን በወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። በ2000 በተመሠረተው የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችና ወንዶች በአንድነት መማራቸው፣ ከ2008 ጀምሮም በየዓመቱ በሚደረገው የሐርጌሳ ዓለም ዐቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሴቶችም ወንዶችም በአደባባይ መነጋገራቸው፣ የልቡናው ደጃፍ እየሰፋ መሄዱን የሚያመለክት መልካም ነገር ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍርሃት ያስገባውን ነገር ልቡና ተቀበለው ማለት አይቻልም። ሶማሊዎች ስለ አንበሳ ድርሻ በሚተርኩት ተረት፣ ጅብ ሥጋውን እኩል ሲያካፍል አንበሳ ዐይኑን ያወጣዋል፤ ቀበሮ ግን ሁሉን ለአንበሳ ትሰጥና፣ ይህን አከፋፈል ማን አስተማረሽ ስትባል፣ የጅብ የወጣው ዐይን ትላለች። የቀበሮዋ አከፋፈል ተቀባይነት አገኘ፤ ነገር ግን ማንም ሶማሊ ሽማግሌ ይህን ፍርድ አይለውም። ተረቱም የሚነገረው ግፍን ለማስነወር ነው። እንግዲህ «ዐቅሊጋል» በፍቺው ውስጥ ነጻ አድማጭን አስቀድሞ ይፈልጋል፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ማለቱ ለአሳቡ ቅንነት ማስረጃ አይሆንም።

ለአማርኛ የሚሰጠው ትምህርት

አማርኛ ለዚህ ጥበብ «አመክንዮ» የሚለውን ቃል ከግእዝ ወስዶ አቋቁሟል። ቃሉ የተማሩ ሰዎች ቃል ሆኖ ጸንቷል፤ ነገር ግን ከዚያው ሥር «ምክንያት» ብቻ ሳይሆን «ማመካኘት»ና «ማመካኛ»ም ወጥተዋልና፣ በተራው ሰው ጆሮ ሰበብ መፍጠርን የሚያስታውስ ዝምድና አለው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጠው የሎጂክ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በክፍሉ የተማረውን ቃል በቤቱ ሳይናገረው፣ በቤቱ የሚናገረውንም በክፍሉ ሳይሰማው ይመረቃል። ይሁን እንጂ የቤቱ ቋንቋ ድኻ አይደለም። የማይያያዝ ክርክርን «አያስኬድም» እንለዋለን፣ ይኸውም ከምክንያት ወደ መደምደሚያ መንገድ የለውም ማለት ነው፤ ደካማ ማስረጃን «ውሃ አያነሣም» እንለዋለን፤ የተረዳነውንም «ገባኝ» እንላለን። «ያስኬዳል» የሚለው የ«መንጢቅ»ን ሥራ፣ «ገባኝ» የሚለው የ«ዐቅሊጋል»ን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

ሰሚውን አስቀድሞ ማሰብም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የአንድምታ መምህራን መጽሐፍን ሲተረጕሙ «ስለ ምን ቢሉ»፣ «እንዴት ቢሉ» እያሉ የሚሄዱት፣ ያልቀረበ ጠያቂን በፊታቸው አቁመው፣ ጥያቄውን ከእርሱ አፍ ቀድመው ተናግረው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልሱን ስለሚሰጡ ነው። «ቢሉ» የምትለው ትንሽ ቃል በውስጧ ሙሉ ጉባኤ ይዛለች። እንዲሁም በቀድሞው የዳኝነት ሥርዐታችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ የተከራከሩ ሰዎች፣ ውርርድ አስይዘው በእስጥ አገባ የተፋጠጡ ተሟጋቾች፣ ነገራቸውን ለዳኛው ብቻ ሳይሆን ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሲያስረዱ ኖረዋል። ከሐርጌሳው ዛፍ ሥር ካለው ሸንጎ ጋራ የሚያመሳስለን ይህ ነው፤ ሁለቱም ሕዝቦች አሳብን ብቻውን ተቀምጦ ከማሰላሰል ይልቅ በክርክር አደባባይ ፈትነውታል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አመክንዮን በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይነሣ፣ «ያስኬዳል»ን ለሥርዐተ ክርክር፣ «ይገባል»ን ለማሳመን፣ «ቢሉ»ን ደግሞ ለተቃውሞ መልስ መጠሪያ አድርጎ ቢሠራባቸው፣ ተማሪው የሚያውቀውን ልማድ ወደ ዕውቀት ያሳድግለታል። ሁለተኛው፣ ከሐርጌሳ ሽማግሌዎች ልንማር የሚገባን የትዕግሥት መጠን ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር አስረድቻለሁ ለማለት የምንችለው፣ የተቃወመን ሰው በራሱ ቃል መልሶ ሊያስረዳው ሲችል ብቻ መሆኑን ነው። በሸንጎ፣ በፍርድ ቤት፣ በምክር ቤትና በመምህራን ጉባኤ ይህ መስፈርት ቢጠበቅ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ደካማውንም ብርቱውንም ከአድማጮች ወገን አስቀምጦ ቢጠበቅ፣ ተሸናፊው ለምን እንደ ተሸነፈ ዐውቆ የሚሄድበት አገር ይኖረናል፤ እንዲህ ያለ አገርም ክርክሩ ባለቀ ማግስት በሰላም ያድራል።